ስድስት ነጥብ የሚይዝ ጥያቄ

የአዳማ ነፋስ ከቦኩ ተነሥቶ
ያድራል ሲያንኳኳ ቆርቆሮ ለይቶ።
ወረቀቱን በብሎኬት ስባሪ ተጭኜ
የማታ ተማሪ ፈተና አርማለሁ፣ ብቻዬን ሆኜ።
ታሪክ፣ ተራ ቁጥር ሦስት፦
«የአንደኛውን የዓለም ጦርነት
መንስኤና ውጤት
ዘርዝሩ።» ስድስት ነጥብ።

መልሱን ሰሌዳው ላይ እኔው ነኝ የጻፍኩት፣
በጠመኔ ብናኝ እየሳልኩ ያስጠናሁት፦
የመንግሥታት ጥምረት፣ የመሣሪያ ፉክክር፣
የቅኝ ግዛት ሽሚያ፣ የ«እኔ እበልጥ» ስካር፣
ሰኔ ሃያ አንድ፣ ሳራዬቮ ላይ፣ የአንድ ጎረምሳ ጥይት፣
ከዚያ ወዲያ እሳት።
አርባ ሁለት ወረቀት አርባ ሁለቴ ይህንኑ ይላል።
አንዱ «ጥምረት»ን «ጥመት» ብሎታል፤
እሱም ያስኬዳል፤
ሙሉ ሰጠሁት።

አርባ ሦስተኛው የጉዬ ቡልቶ ነው፤
ፍራንኮ፣ የዱቄት መጋዘን ዘበኛ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው፤
ካፖርቱን ሳያወልቅ ከኋላ የሚቀመጥ፣
ደወሉ ሳያበቃ ወደ ጥበቃው የሚሮጥ።
የእሱ እንዲህ ይላል፦

«መንስኤው ሲነገር ተረኛ ነበርኩ፣ መምህር፤ አመለጠኝ።
ውጤቱን ግን አውቃለሁ፤ እሱ ነው ያሳደገኝ።
አያቴ ድንጋይ ጫኝ ነበር፣ ሀዲዱ እዚህ ሲደርስ፤
አንገቱ ላይ ቁጥር፣ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ ከናስ፤
በስሙ የጠራው የለም።
አለቃው ሙሴ ፈርናን፣ ፈረንሳይ ነው፤ ክፉ አይደለም።
ሐምሌ ሲያልቅ ወረቀት መጣለት፤ አነበበ፤ ሳቀ፤
የሁሉም የሦስት ወር ደመወዝ ካለበት ሳጥን ጋር ራቀ።
‹መስቀል ሳይደርስ መጥቼ እከፍላለሁ› ብሎ በዋቃ ማለ።
መስቀል ሄደ፣ ገና ሄደ፣ ፋሲካም ዋለ።
ገንዘቡ የጥሎሽ ነበር። ልጅቷ ለሌላ ተዳረች፤
እኛ የተወለድነው ከሌላዋ ነው፣ ኋላ ከመጣችው።

ያኔ ረገመው፤ ሲነሣም ሲጋደምም፣
‹የወደቅክበትን የሚያውቅ አይገኝ› እያለ፤ ሠላሳ ዓመት አልደከመም።
ኋላ፣ ሁለተኛው ጦርነት በዚሁ ሀዲድ መጥቶ ሲሄድ፣
አንድ ሽማግሌ የባቡር ሾፌር ከድሬዳዋ መጥቶ
‹ያ ፈርናን› አለው፣ ‹የሞተው ያኔውኑ ነው፤
መስቀል ሊሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፤
የታጨደ ስንዴ ማሳ ላይ ወድቆ፣
የቀበረውም የለ፣ ያገኘውም ጠይቆ።›

አያቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰ።
በማግስቱ እርጥብ ሣር ይዞ አዋሽ ደረሰ፤
ውኃው ላይ በትኖ እርግማኑን መለሰ።
ታርጋውን ግን አልጣለም፤
‹ሒሳብና እርቅ አንድ አይደለም።›

ውጤቱ ይኸው ነው፣ መምህር፦
አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙት ሲረግም መኖር።
በመጽሐፉ ፈለግኩ፤ ገጹን አላገኘሁም።
ታርጋው ከወረቀቱ ጋር አለ፤ ሲያርሙ እንዳይጠፋብኝ።»

ገለጥኩት፤ አለ። በክር ታስሮ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣
ሁለቱ ይታያል፤ ሰባቱ በጣት ታሽቶ ጠፍቶ።
ስድስት ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ዜሮ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።
የእኔም የጥቅምት ደመወዝ ለምን እንደዘገየ አሰብኩ።
አሥራ ሁለት ዓመት ሳራዬቮን ካርታ ላይ በጣቴ አሳያለሁ፤
ከጀርባችን ያለውን፣ ሣር የዋጠውን ሀዲድ፣ በየቀኑ እረግጠዋለሁ።

በመጨረሻ፣ ጠርዙ ላይ፣
«ያነጋግሩኝ» ብዬ በቀይ
ጻፍኩና ታርጋውን በመዳፌ ይዤ መብራቱን አጠፋሁ፤
ከፍራንኮ በኩል፣ በነፋሱ መሀል፣ የዘበኛ ፊሽካ ሰማሁ።